ሺልድ ያለው ኮንትሮል ኬብል ሲገዛ የትኛው የደህንነት ማረጋገጫ ይበቃል? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የታንከሩን የውሃ ደረጃ የሚያሳየው ቁጥር የፓምፑ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) በተነሳ ቁጥር ይዘል ጀመር። ሴንሰሩን ቀየርን፣ የፒኤልሲውን (የማሽኑን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ካርድ ቀየርን፣ የኢንቨርተሩን ፓራሜትር ነካካን፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ ኬብሉን ራሱን ሰነጠቅነው። ሺልድ የተባለው፣ ማለትም ኮሮቹን (የኬብሉን የውስጥ ሽቦዎች) ከኖይዝ፣ ከኤሌክትሪክ ረብሻ፣ የሚከላከለው የብረት ሽፋን፣ በጣት ሲነካ የሚበታተን ስስ የአሉሚኒየም ክር ነበር፤ በክሮቹ መካከል የኮሮቹ ቀለም በግልጽ ይታያል። የግዢ ፋይሉ ውስጥ ግን ማኅተም ያረፈበት የላቦራቶሪ ሪፖርት ነበር። አስመጥቼ ሳነበው የሚያወራው ስለ ሌላ ኬብል ነው፦ ባለ 3 ኮር፣ 0.75 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር)፣ ሺልድ የሌለው። እኛ የገዛነው ባለ 12 ኮር፣ 1.5 ስኩዌር፣ ሺልድ ያለው ነው። ሪፖርቱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማንም አላነበበውም።

ኮንትሮል ኬብል የሚሸጥ ሁሉ "ሰርተፊኬት አለው" ይላል። ሰርተፊኬት በሚለው ቃል ስር ግን ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ አምራቹ ቢሮው ተቀምጦ የሚጽፈው መግለጫ ነው፤ ሌላው ደግሞ ፋብሪካው በገለልተኛ አካል እየተጎበኘ የሚያቆየው ፈቃድ ነው። በዋጋም በክብደትም አይገናኙም። ይህ መመሪያ ማርካ አይመርጥላችሁም። ለጥገና ኃላፊ፣ ለፓኔል ሠሪ፣ ለኮንትራክተርና ለግዢ ባለሙያ፣ ከፊቱ የተዘረጋው ወረቀት ምን ያህል እንደሚሸከም እንዲመዝን የተጻፈ ነው።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ወረቀቱ የሚናገረው ስለየትኛው ኬብል ነው? ስለ አንድ ናሙና ነው? ስለ አንድ የኬብል አይነት ነው? ስለ ፋብሪካው አሠራር ነው? አሁን ስለሚጫነው ጭነት ነው? ወይስ እስቶራችሁ ውስጥ ስለቆመው ድራም (የኬብል ማጠንጠኛ)? የላቦራቶሪዎች ብቃት ደረጃ በሆነው በአይኤስኦ/አይኢሲ 17025 የሚሠራ ላቦራቶሪ ሪፖርቱ ላይ "ውጤቱ የሚመለከተው የተፈተነውን ናሙና ብቻ ነው" የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር የማስፈር ግዴታ አለበት። ብዙ ጊዜ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ትቀመጣለች፤ እኔ አሁን ሪፖርት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማነበው እሷን ነው።

ሁለተኛው ማን ፈተነው የሚለው ነው፦ ሻጩ ራሱ፣ ገዢው፣ ወይስ ከሁለቱም ነጻ የሆነ ሦስተኛ ወገን። ሦስተኛው ምን ተፈተነ የሚለው ሲሆን፣ በተለይ ሺልዱ ተፈትኗል ወይ ብሎ መጠየቅ ያሻል። አራተኛው ወረቀቱን በሻጩ በኩል ሳይሆን በራሳችሁ መንገድ ማጣራት ትችላላችሁ ወይ የሚለው ነው። አምስተኛው ወጪና ጊዜ ነው፤ ይህ የመጨረሻ የሆነው ሌሎቹ ሳይመለሱ ዋጋ ማወዳደር ስለማይቻል ነው።

## ፈተናዎቹ ራሳቸው ምን ይጠይቃሉ?

አማራጮቹን ለማነጻጸር ፈተናዎቹን በመጠኑ ማወቅ ግድ ነው። መጀመሪያ ግን ኬብሉ በየትኛው ደረጃ እንደተሠራ ይታወቅ። ተጣጣፊ፣ ዘይት የሚቋቋም፣ 300/500 ቮልት የሆነው ባለ ሺልድ ኮንትሮል ኬብል በአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) 60227-7 ስር ይወድቃል፤ የአውሮፓ አቻው ኢኤን 50525-2-51 ሲሆን የኬብሉ ስያሜ ኤች05ቪቪሲ4ቪ5-ኬ ነው። ከቻይና የሚመጣውና ገበያችን ኬቪቪፒ ብሎ የሚያውቀው 450/750 ቮልት ሲሆን ደረጃው ጂቢ/ቲ 9330 ነው። 0.6/1 ኪሎ ቮልት የተጻፈበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአይኢሲ 60502-1 ይሠራል። አንዱ በሌላው ሪፖርት አይሸጥም።

የቮልቴጅ ፈተናው እያንዳንዱን ኮር በተራ ይዞ ከቀሩት ኮሮችና ከሺልዱ ጋር ያጋፍጠዋል። በአይኢሲ 60227 ለ300/500 ቮልት ኬብል 2,000 ቮልት፣ ለ450/750 ደግሞ 2,500 ቮልት ለ5 ደቂቃ ይሰጣል። በ60502-1 ስር ላለው 0.6/1 ኪሎ ቮልት 3,500 ቮልት ነው፤ ያም እያንዳንዱ የወጣ ኬብል ላይ በፋብሪካው የሚደረግ የዘወትር ፈተና ነው። ባለ ሺልድ ኬብል ላይ ይህ ፈተና የተለየ ክብደት አለው። ሺልዱ ኤርዝ ላይ ስለሚታሰር፣ ኢንሱሌሽኑ አንድ ቦታ ላይ ቢሳሳ ኤርዙ ሚሊሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እየጠበቀ ነው። ሺልድ በሌለው ኬብል ለዓመታት ሳይታወቅ የሚኖር ቀዳዳ እዚህ ጋ አጭር ዑደት ሊሆን ይችላል።

የሽቦው ሬዚስታንስ በአይኢሲ 60228 ይለካል። 1.5 ስኩዌር፣ ክፍል 5 የሆነ ተጣጣፊ ንጹሕ መዳብ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በኪሎ ሜትር ከ13.3 ኦም መብለጥ የለበትም፤ 1.0 ስኩዌር 19.5፣ 2.5 ስኩዌር 7.98 ነው። መዳብ የሰረቀ አምራች የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ደረጃው ሽቦውን በስፋት ሳይሆን በሬዚስታንስ ስለሚመዝነው፣ በካሊፐር መለካት ብቻውን አያጋልጠውም።

የኢንሱሌሽን ውፍረትም የራሱ ሕግ አለው። አማካዩ ከተጻፈው ማነስ የለበትም፤ በጣም የሳሳው ነጥብ ደግሞ ከተጻፈው ላይ 10 ከመቶና 0.1 ሚሊሜትር ተቀንሶ ከሚገኘው መውረድ የለበትም። የተጻፈው 0.7 ሚሊሜትር ከሆነ ዝቅተኛው 0.53 ይሆናል። ፒቪሲው በ80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ7 ቀን ከቆየ በኋላ ተስቦ ጥንካሬውና የመለጠጥ አቅሙ ምን ያህል እንደተለወጠ ይታያል። ይህ ፈተና አንድ ሳምንት ስለሚፈጅ "ነገ ሙሉ ሪፖርት እናመጣለን" የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ አስታውሱት።

የእሳት ፈተናው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አይኢሲ 60332-1-2 አንዲት ብቸኛ ኬብል ቀጥ ብላ ቆማ በነበልባል ስትመታ ምን ያህል እንደምትከስል ያያል። እናንተ ግን ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ላይ የምትዘረጉት ሠላሳና ከዚያ በላይ ኬብል በአንድ ላይ ነው። ብቻዋን የማታስፋፋ ኬብል ተሰብስባ ስትቃጠል እሳቱን ወደ ላይኛው ፎቅ ልታደርሰው ትችላለች። ይህን የሚፈትነው የ60332-3 ቤተሰብ ነው፦ 3-22 ምድብ ኤ፣ 3-23 ምድብ ቢ፣ 3-24 ምድብ ሲ። ጭስ በአይኢሲ 61034፣ የሚወጣው አሲዳማ ጋዝ በአይኢሲ 60754 ይለካል። "ነበልባል የማያስፋፋ" የሚል ቃል ብቻውን ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያመለክት አይናገርም፤ ቁጥሩን ጠይቁ።

አሁን ሺልዱ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። የደህንነት ማረጋገጫ ዋና ጭንቀቱ ኬብሉ ሰው እንዳይዝና እሳት እንዳያመጣ ነው። ሺልዱ ኖይዝን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካው በሌላ ፈተና፣ ትራንስፈር ኢምፒዳንስ በሚባለው ነው፤ ዘዴው በአይኢሲ 62153-4-3 ተቀምጧል። ውጤቱ በሜትር በሚሊኦም ወይም በኪሎ ሜትር በኦም ይጻፋል፤ ሲያንስ ይሻላል። የታወቁ አምራቾች የቴክኒክ ገጻቸው ላይ በ30 ሜጋኸርዝ ከ250 ኦም በኪሎ ሜትር አይበልጥም ብለው ሲጽፉ ታያላችሁ። ይህ ቁጥር ጨርሶ ያልተጻፈበት ኬብል ለመብራት መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ከኢንቨርተር አጠገብ ለሚያልፍ 4–20 ሚሊአምፕ ሲግናል (የሴንሰር ልኬት ለሚያስተላልፍ) ግን አልገዛውም።

ሽፋኑ በመቶኛ የሚነገረውም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ አቅጣጫ የተጠቀለሉት ክሮች ገጹን 60 ከመቶ ከሸፈኑ፣ ሁለቱ አቅጣጫዎች ሲጣመሩ 2 ጊዜ 0.6 ሲቀነስ 0.6 በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 0.84 ይሆናል። "85 ከመቶ ሽፋን" የሚባለው ጥሩ ጥልፍ እንግዲህ በግምት እንዲህ ያለው ነው። የኮሮቹን ቀለም ከሩቅ የምታዩበት ጥልፍ ግን ወደዚያ አይጠጋም።

## አማራጭ 1፦ የአምራቹ የራሱ መግለጫ

ሲኢ ምልክት ዋናው ምሳሌ ነው። የአውሮፓ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ፣ 2014/35/ኢዩ፣ ከ50 እስከ 1,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ ለሚሠሩ ዕቃዎች አምራቹ ራሱ ፈትኖ ወይም አስፈትኖ፣ ሰነዱን አደራጅቶ፣ መግለጫ ፈርሞ ምልክቱን እንዲለጥፍ ይፈቅዳል። ሦስተኛ ወገን መግባት ግዴታ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ይህ የሚሠራው ከኋላው የገበያ ቁጥጥርና የሕግ ተጠያቂነት ስላለ ነው፤ ኬብሉ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ያ ተጠያቂነት አብሮ ተጭኖ አይመጣም። "ፊደሎቹ ከተጠጋጉ የቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው" የሚለውን ወሬ ደግሞ ተዉት፤ እንዲህ የሚባል ይፋ ምልክት የለም፤ በፊደል ርቀት ኬብል አይመረጥም።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። በሕንጻ ውስጥ በቋሚነት የሚዘረጋ ኬብል ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ የግንባታ ምርቶች ደንብ፣ በኢኤን 50575፣ የእሳት ምድብ ሊኖረው ይገባል። ቢ2ሲኤ እና ሲሲኤ ለሚባሉት ከፍተኛ ምድቦች የተሰየመ ገለልተኛ አካል ፋብሪካውን ሳይቀር ይከታተላል። ስለዚህ ሲኢ ያለበት ኬብል ላይ እነዚህ ምድቦች ከተጻፉና የአፈጻጸም መግለጫው ከቀረበ፣ ቢያንስ የእሳት ጉዳይ የራስ መግለጫ ብቻ አይደለም።

## አማራጭ 2፦ የአይነት ፍተሻ ሪፖርት

ላቦራቶሪ አንድ ናሙና ተቀብሎ ደረጃው የሚጠይቀውን ሁሉ ፈትኖ የሚጽፈው ነው። በቁም ነገር ከተሠራ ከሁሉም ሰነድ የበለጠ ዝርዝር ያለው ይህ ነው፤ የውፍረት ልኬቶችን ነጥብ በነጥብ፣ የሬዚስታንስ ቁጥሮችን፣ የነበልባል ውጤቱን በሚሊሜትር ታገኙበታላችሁ። ድክመቱ ደግሞ ናሙናውን የላከው አምራቹ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣው ድራም ያንን ይመስላል የሚል ማንም የለም።

ሲቀርብላችሁ የምታዩት፦ የደረጃው ቁጥርና ዓመት፣ የናሙናው መግለጫ ከምትገዙት ጋር መግጠሙ፣ የፋብሪካው አድራሻ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ አልፏል ወይስ "አይመለከተውም" ተብሎ ተዘሏል የሚለው፣ እንዲሁም ላቦራቶሪው ለዚያ ደረጃ አክሬዲቴሽን (የብቃት እውቅና) ያለው መሆኑ። ላቦራቶሪው ሲሚንቶ ለመፈተን እውቅና አግኝቶ ኬብል ላይ ምንም ላይኖረው ይችላል። የሪፖርቱን ቁጥር ለማጣራት ለላቦራቶሪው ራሱ ጻፉ፤ አድራሻውን ግን ከሪፖርቱ ላይ ሳይሆን ከአክሬዲቴሽን ሰጪው ድረ ገጽ ውሰዱ። የተጭበረበረ ሪፖርት ላይ የሰፈረ ኢሜይልም የተጭበረበረ ነውና።

የሲቢ ሰርተፊኬት የዚህ ወንድም ነው። በአይኢሲኢኢ፣ ማለትም በአይኢሲ የምስክርነት ሥርዓት፣ ስር የተሰጠ ሲሆን አባል አገሮች ፍተሻውን ሳይደግሙ እንዲቀበሉት ታስቦ የተሠራ ነው። ከሪፖርቱ ጋር አንድ ላይ ካልቀረበ ጎዶሎ ነው፤ በአይኢሲኢኢ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል። ፋብሪካውን ግን አይከታተልም።

## አማራጭ 3፦ ክትትል ያለው የምስክር ምልክት

እዚህ ላይ ገለልተኛው አካል ናሙና ብቻ አይፈትንም፤ ፋብሪካውን ይጎበኛል፣ ከምርት መስመርና ከገበያ ናሙና እየወሰደ ይደግማል፣ ካላሟላ ፈቃዱን ይነጥቃል። በአውሮፓ የሃር ምልክት፣ በጀርመን ቪዲኢ፣ በአሜሪካ ዩኤል እንዲህ ናቸው። ምልክቱ በወረቀት ላይ ሳይሆን በኬብሉ ሽፋን ላይ በየርቀቱ ታትሞ ይገኛል። በእኔ ግምት ከአምስቱ አማራጮች ለከፈላችሁት ዋጋ ብዙ የሚመልሰው ይህ ነው።

ዩኤልን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ሽፋኑ ላይ ኤደብሊውኤም ስታይል 2464 ወይም 2586 የሚል ካያችሁ፣ ያ በዩኤል 758 ስር ለዕቃ ውስጥ ሽቦነት እውቅና የተሰጠው ነው፤ በሕንጻ ወይም በፋብሪካ ትሬይ ላይ ለሚዘረጋ ኬብል የሚሰጠው ማረጋገጫ አይደለም። ለትሬይ የሚፈለገው በዩኤል 1277 የሚመዘነው ቲሲ አይነት ነው። ሁለቱም ላይ "ዩኤል" የሚል ስላለ ሻጭም ገዢም አንድ ነው ብለው ያልፉታል። ኢ በሚል ፊደል የሚጀምረውን የፋይል ቁጥር ከሽፋኑ ላይ አንብባችሁ በዩኤል ፕሮዳክት አይኪው ላይ አስገቡ፤ የሚወጣው ስም ከአምራቹ ጋር ካልገጠመ ንግግሩ አበቃ።

የቻይና ሲሲሲ ምልክትም ክትትል አለው። ነገር ግን ግዴታ የሚሆነው በቻይና ገበያ ለሚሸጥ፣ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ላለ ዕቃ ነው፤ ለውጭ ገበያ ብቻ ተብሎ የሚመረት ኬብል ላይፈለግበት ይችላል። ስለዚህ ያው ፋብሪካ ለአገሩ አንድ፣ ለእኛ ሌላ ኬብል ሊያመርት በር ክፍት ነው። የፋብሪካው ሲሲሲ ሰርተፊኬት ሲቀርብላችሁ ምልክቱ የእናንተ ኬብል ላይ መታተሙን አረጋግጡ።

## አማራጭ 4፦ የጭነት ቁጥጥርና የናሙና ፍተሻ

ይህ የሚናገረው ስለ እናንተ ጭነት ነው። እንደ ኤስጂኤስ፣ ቢሮ ቬሪታስና ኢንተርቴክ ያሉ ድርጅቶች ከመጫኑ በፊት ፋብሪካ ድረስ ሄደው ያያሉ። ውል ስትገቡ ግን ምን እንዲያደርጉ እንደምትከፍሏቸው በግልጽ ይጻፍ። ድራም ቆጥሮ፣ ማርክ አንብቦ፣ ፎቶ አንስቶ መመለስም "ኢንስፔክሽን" ይባላል። እናንተ የምትፈልጉት ተቆጣጣሪው በራሱ እጅ ድራም መርጦ፣ ቆርጦ፣ ሬዚስታንስና የቮልቴጅ ፈተና ፊቱ ላይ ሲሠራ አይቶ፣ የተረፈውን ናሙና አሽጎ እንዲልክ ነው።

አገር ውስጥ ደግሞ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይፈትናል፣ ይመሰክራል፤ የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ላቦራቶሪዎቹን ራሳቸውን ይመዝናል። ኬብል ይዛችሁ ስትሄዱ "ይፈተንልኝ" ብቻ አትበሉ፤ የደረጃውን ቁጥርና የምትፈልጉትን ፈተና ዘርዝራችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። ሽቦው፣ ውፍረቱና የቮልቴጅ ፈተናው በጥቂት ሜትር ናሙና ይሠራሉ። የሺልዱ ትራንስፈር ኢምፒዳንስ ግን ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ስለሆነ ከአምራቹ በሪፖርት መጠየቅ ይቀላል።

## አማራጭ 5፦ በራስ እጅ መፈተሽ

ገንዘብ ያነሰው ሰው ብቻ የሚያደርገው አይምሰላችሁ፤ ሁሉም ሊያደርገው ይገባል። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ብዙ ይገለጣል።

ሃያ ሴንቲሜትር ቁረጡና ግለጡት። ማግኔት ሺልዱን ከሳበ ውስጡ ብረት አለ። የክሩን ጫፍ በቢላ ፋቁት፦ ውጩ ብርማ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፣ ጥሩ ነው። ውጩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፣ ለዋናው ሽቦ ከሆነ መልሱት። ብየዳ ቆርቆሮ አልይዝ የሚል ብርማ የሺልድ ክር አሉሚኒየም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከዚያ ሬዚስታንስ። የ100 ሜትር ጥቅል ሁለት ኮሮች ጫፋቸውን አንድ ላይ እሰሩና በሌላኛው ጫፍ ለኩ። ለ1.5 ስኩዌር ክፍል 5፣ በ20 ዲግሪ ከ2.66 ኦም መብለጥ የለበትም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ በዲግሪ 0.393 ከመቶ ጨምሩ፤ 2.71 ይሆናል። የተለመደው ሙልቲሜትር የራሱ ገመድ 0.2 ኦም ያህል ሊጨምር ስለሚችል መጀመሪያ ጫፎቹን አጋጥማችሁ ያንን ቀንሱ። 3.2 ካነበባችሁ ከሚፈቀደው 18 ከመቶ አልፏል፤ መዳቡ ጎድሏል ወይም ጥቅሉ ከ100 ሜትር ይረዝማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙም አያጋጥምም።

የሺልዱንም ሬዚስታንስ እንዲሁ ለኩ። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ትራንስፈር ኢምፒዳንስ ከሺልዱ ሬዚስታንስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሁለት ናሙና ይዛችሁ የቱ እንደሚሻል በኦም ሜትር ብቻ ግማሽ መልስ ታገኛላችሁ።

በመጨረሻ ሜገር፣ ማለትም የኢንሱሌሽን መለኪያ። እስከ 500 ቮልት ለሚሠራ መስመር በ500 ቮልት ዲሲ ተለክቶ፣ አይኢሲ 60364-6 የሚጠይቀው ዝቅተኛ 1 ሜጋኦም ነው። አዲስ ኬብል ግን ከዚህ እጅግ የራቀ መሆን አለበት፤ አዲስ ጥቅል 5 ሜጋኦም ቢያነብብ "አልፏል" ብዬ አልዘረጋውም። ሁሉንም ኮር በተራ ከቀሩትና ከሺልዱ ጋር ለኩ። ኬብሉ ከተዘረጋ በኋላ ከሆነ ኢንቨርተሩንና ፒኤልሲውን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ፤ 500 ቮልት የአናሎግ ካርድ ውስጥ ከገባ ከኬብሉ ዋጋ የበለጠ ትከፍላላችሁ።

የዚህ አማራጭ ገደብ ግልጽ ነው፦ ነበልባልን፣ እርጅናን፣ ዘይትንና የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኖይዝን አይነግራችሁም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚናገረው ስለ | የፈተነው | ሺልዱን ያያል? | የሚጣራው | ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአምራቹ መግለጫ | የኬብል አይነት | አምራቹ ራሱ | አልፎ አልፎ፣ በቴክኒክ ገጹ | አምራቹን በመጠየቅ ብቻ | ለገዢው ነጻ፣ ወዲያው |
| የአይነት ፍተሻና ሲቢ | የተላከውን ናሙና | ገለልተኛ ላቦራቶሪ | ከተጠየቀ | በላቦራቶሪው ወይም በአይኢሲኢኢ | ካለ ነጻ፤ አዲስ ከሆነ ውድና የሳምንታት |
| ክትትል ያለው ምልክት | አይነቱንና ፋብሪካውን | ገለልተኛ አካል፣ በተደጋጋሚ | በከፊል | በድረ ገጽ፣ በፋይል ቁጥር | በኬብሉ ዋጋ ውስጥ ይገባል |
| የጭነት ቁጥጥርና ናሙና | የእናንተን ጭነት | ተቆጣጣሪ ወይም የአገር ውስጥ ላቦራቶሪ | በውሉ ከተጻፈ | እናንተው ቀጣሪ ናችሁ | መካከለኛ፣ ከቀናት እስከ ሳምንታት |
| በራስ መፈተሽ | እጃችሁ ላይ ያለውን ድራም | እናንተ | ጥልፉን፣ ብረቱንና ሬዚስታንሱን | ፊታችሁ ነው | ርካሽ፣ አንድ ሰዓት |

## ለማን የትኛው?

ከመርካቶ አንድ ሁለት ጥቅል ለጥገና የሚገዛ ሰው ሪፖርት ፍለጋ አይድከም። ሻጩ ፊት ሃያ ሴንቲሜትር ቆርጦ ይይ፣ የሽፋኑን ጽሑፍ ያንብብ፣ ሬዚስታንስ ይለካ። ሲያስቆርጥ የሚቆጣ ሻጭ ካለ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ነው።

በየጊዜው የሚገዛ ፋብሪካ ክትትል ያለው ምልክት ያለበትን አንድ ሁለት አይነት መርጦ እስቶሩ ላይ ቢጸና ይሻለዋል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሦስት ቀን የምርት መቆም ግን ልዩነቱን ይውጠዋል። ዕቃ በመጣ ቁጥር በራስ መፈተሹ ይቀጥል።

ትልቅ ፕሮጀክት፣ ማለትም ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የውሃ ማጣሪያ ወይም ስኳር ፋብሪካ፣ አንድ ማረጋገጫ አይበቃውም። የአይነት ፍተሻ ሪፖርቱ ዲዛይኑን፣ የዘወትር ፈተናው እያንዳንዱን ድራም፣ የጭነት ቁጥጥሩ የተጫነውን ይሸፍናሉ። የቁጥጥር ሰርተፊኬቱን በኤልሲው (ባንኩ ሰነድ አይቶ ክፍያ የሚለቅበት ደብዳቤ) የሰነድ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፤ ያን ጊዜ ሰነዱ ካልቀረበ ባንኩ ክፍያ አይለቅም። ዕቃው ጂቡቲ ከደረሰና ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ብዙም አያዋጣም።

ሆስፒታል፣ ሆቴልና ፎቅ ላይ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሳቱን ጠይቁ፦ 60332-3፣ 61034 እና 60754 ሦስቱም በቁጥር ይቅረቡ። እዚህ ላይ በጀት የለም ብሎ በ60332-1-2 ብቻ ማለፍ ሕሊና የሚቀበለው አይደለም፤ ሰው የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ጭሱ ነው።

ማሽን ሠርቶ ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚልክ ሰው ምርጫ የለውም፤ የዚያ አገር ምልክት ያለበትን ይግዛ። የተለመደ ስህተት ደግሞ ላንሳ፦ ከኢንቨርተር ወደ ሞተር የሚሄደውን መስመር 300/500 ቮልት በሆነ ኮንትሮል ኬብል መዘርጋት። በ380 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ያለው ዲሲ ወደ 537 ቮልት ይጠጋል፤ ረጅም መስመር ላይ ሞገዱ ሲንጸባረቅ ሞተሩ ጫፍ ላይ እጥፍ ሊሆን፣ ከ1,000 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ለዚያ 0.6/1 ኪሎ ቮልት የሆነ ባለ ሺልድ የሞተር ኬብል ነው የሚገባው፤ ምንም አይነት ሰርተፊኬት ይህን አያስተካክለውም።

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ከአንድ በላይ ማድረግ የማይቻል ከሆነ፣ ወፍራም ፋይል ያለውን ውድ አቅራቢ ከመምረጥ ይልቅ የተወሰነውን ገንዘብ ከመጣው ዕቃ ላይ ናሙና ለማስፈተን አውሉት።

## ጨረታ ሰነድ ላይ የሚገባ

"ኬብሉ ዓለም አቀፍ ደረጃን ያሟላ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙትና እንዲህ ያለ ጻፉ፦ "ባለ 12 ኮር፣ 1.5 ስኩዌር፣ ክፍል 5 ንጹሕ መዳብ፣ 300/500 ቮልት፣ በአይኢሲ 60227-7 የተሠራ፤ ሺልዱ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ጥልፍ፣ ሽፋኑ ከ80 ከመቶ ያላነሰ፣ ትራንስፈር ኢምፒዳንሱ በ30 ሜጋኸርዝ ከ250 ኦም በኪሎ ሜትር ያልበለጠ። ተጫራቹ ይህንኑ የኬብል ቤተሰብ የሚመለከት፣ ሺልዱን የጨመረ የአይነት ፍተሻ ሪፖርት ያቀርባል። ገዢው ከመጣው ዕቃ በራሱ ምርጫ ናሙና ወስዶ ያስፈትናል፤ ናሙናው ከወደቀ ጭነቱ በሙሉ በአቅራቢው ወጪ ይመለሳል።" የመጨረሻዋ ሐረግ ከሌለች ቀሪው ሁሉ ምኞት ነው።

ናሙና ስትወስዱ ከድራሙ ውጫዊ ጫፍ ብቻ አትቁረጡ፤ የውስጠኛውም ጫፍ በድራሙ ጎን ስለሚወጣ ከሁለቱም ውሰዱ። አንድ ሜትር ለላቦራቶሪ ከሚሄደው ተጨማሪ አስቀሩ፣ የድራሙን ቁጥርና ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ በፕላስቲክ አሽጋችሁ እስቶር ቁልፉ። እኛ ያንን ፋብሪካ ውስጥ የሰነጠቅነው ኬብል ላይ ክርክሩን የተረታነው እንዲህ ያለ ናሙና ስላልነበረን ነው፤ ሻጩ "ይህ የእኔ ኬብል አይደለም" አለ፣ እኛም የምናሳየው አልነበረንም።